ስምንት ሰከንድ እና አርባ ሰከንድ

መጀመሪያ የገረመኝ ጭብጨባው ነው። የጋላቢው ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አፏጨ። የኮርማው ስም ሲጠራ ግን ተመልካቹ ብድግ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የዚያን ኮርማ ዘር ማንዘር ያውቃሉ። አባቱ የትኛው እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት የት ከተማ ማንን እንደጣለ፣ ከበሩ ሲወጣ በየት በኩል መዞር እንደሚወድ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እኔ ሮዲዮ ወደሚሉት፣ በሚራገጥ ኮርማና ፈረስ ላይ የመቆየት ውድድር የሄድኩት ሰው ኮርማ ላይ ወጥቶ ሲወድቅ ለማየት ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

ቦታው ማውንት አይዛ ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ። ጊዜው ኦገስት 2019። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከምኖርበት ከብሪዝበን 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከጓደኛዬ ጋር ተራ በተራ እየነዳን ሁለት ቀን ፈጀብን። የባሕሩን ዳርቻ ትታችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ከተሞቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፣ ዛፉ እያጠረ ይሄዳል፣ አፈሩ እየቀላ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚያጋጥማችሁ ሮድ ትሬን የሚሉት ከባድ መኪና ነው፤ አንዱ ሦስት ተሳቢ ያስከትላል፣ ርዝመቱ 53 ሜትር ይደርሳል፣ የጫነው ደግሞ ከብት ነው። ልትቀድሙት ስትሞክሩ አያልቅም። አውትባክ የሚሉት ይሄን ሁሉ ሰፊ፣ ደረቅ፣ ሰው የማይበዛበት አገር ነው።

ማውንት አይዛ የማዕድን ከተማ ናት። በ1923 ጆን ካምቤል ማይልስ የሚባል ማዕድን ፈላጊ እርሳስ ያለበት ድንጋይ አገኘ፣ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። የማቅለጫው ጭስ ማውጫ 270 ሜትር ቁመት አለው፣ ከየትም ብትሆኑ ታዩታላችሁ። ሮዲዮውን በ1959 የጀመረው የከተማዋ ሮታሪ ክለብ ነው። ዛሬ ከምድር ወገብ በታች ትልቁ ሮዲዮ እየተባለ ነው የሚጠራው። እኔ የሄድኩት ከተጀመረ ልክ 60 ዓመት ሲሞላው ነው።

እስቲ መጀመሪያ ስለ ስምንቷ ሰከንድ ላውራ።

ኮርማው የሚገባው ከብረት በተሠራ ጠባብ በረት ውስጥ ነው። ሹት ይሉታል። እንስሳው እዚያ ውስጥ መዞር አይችልም። ጋላቢው በብረቱ ላይ ተንጠላጥሎ ቀስ ብሎ ጀርባው ላይ ይወርዳል። ኮርቻ የለ፣ ልጓም የለ፣ እርካብ የለ። ያለው በኮርማው ደረት ዙሪያ የተጠመጠመ አንድ የተጎነጎነ ገመድ ብቻ ነው። ገመዱና ጓንቱ ሙጫ ይቀባሉ። ከዚያ በጓንቱ ገመዱን ጨብጦ ወደ ላይ ወደ ታች ይፈትገዋል፣ ሙጫው እስኪሞቅና እስኪይዝ ድረስ። ከሹቶቹ አጠገብ ስለነበርን የአንዱን ልጅ ፊት በደንብ አየሁት። ቢበዛ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጓደኛው ከኋላው የደረት መከላከያውን ጨምድዶ ይዞታል፣ ኮርማው በሩ ሳይከፈት ቢያብድ ወደ ላይ ሊጎትተው። የኮርማው ጎን ሲተነፍስ የልጁን እግር ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ልጁ መዳፉን ዘጋ፣ በሌላው እጁ ጣቶቹን እየመታ አጠበቃቸው፣ ወደ ፊት ተጠጋ፣ አገጩን አንዴ ወደ ታች አደረገ። ምልክቱ እሱ ነው። በሩ ተከፈተ።

ሁለት ሰከንድ ተኩል ቆየ።

ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ እጅ ብቻ መያዝ፣ ሌላኛው እጅ እንስሳውንም ራስንም እንዳይነካ፣ ስምንት ሰከንድ መቆየት። ከዚያ በታች ከወረድክ ዜሮ ነው፣ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ነበር ብሎ ክርክር የለም። ስምንቱን ከሞላህ ግን ከመቶ ትመዘናለህ። ግማሹ ነጥብ ለሰውየው አያያዝ ነው፣ ግማሹ ለእንስሳው። ለዚህ ነው ለኮርማው የተነሱለት። ሰነፍ ኮርማ የደረሰው ጋላቢ ባይወድቅም አያሸንፍም። ስለዚህ ሁሉም የሚመኘው ክፉውን ነው፤ ክፉውን ሲያገኝ ደግሞ ይወድቃል። ይሄ ነገር ሌሊት ሁሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ።

የከብቱን ስም መያዝ እዚያ አገር የተለመደ ነው። ቼይንሶ የሚባል ኮርማ ነበራቸው፤ ስሙ የሞተር መጋዝ ማለት ነው። ከ1987 እስከ 1994 ስምንት ጊዜ የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ኮርማ ተብሏል። ስሙን ስታነሱላቸው ዕድሜያቸው የገፉት ሰዎች ፊታቸው ይበራል። በደቡብ አውስትራሊያ ማራቤል በምትባል ትንሽ መንደር ደግሞ ኩሪዮ ለተባለች ባዝራ ሐውልት ቆሞላታል። ዓመታት ሙሉ የወጣባትን ሁሉ ስትጥል ኖራ በ1953 አለን ውድስ ነው ጀርባዋ ላይ የጸናው። ሐውልቱ ላይ ሰውየውም አለ፣ መንደሩ የሚታወቀው ግን በእሷ ነው። እኛ አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እያልን ሰውን በፈረሱ ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ጋላቢው ሲወድቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጀመራል። ሜዳው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች ቀድመው ቆመዋል፣ ፕሮቴክሽን አትሌት ይሏቸዋል። ድሮ ፊታቸውን ተቀብተው እንደ ቀልደኛ ይለብሱ ነበር። ሥራቸው ግን ቀልድ አይደለም። ልጁ መሬት ሲነካ በእሱና በኮርማው መሃል ይገባሉ። ሆን ብለው። አንደኛው እጁን ዘርግቶ በኮርማው አፍንጫ ስር ሲያልፍ አየሁት፣ ቀንዱ ሸሚዙን ነክቷል ብዬ እምላለሁ፣ ኮርማው እሱን ተከትሎ ዞረ፣ ልጁም ተነስቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። ከውድድሩ ሁሉ ለእነሱ ነው ልቤ የቀረው።

ስለ እንስሳቱ ሥቃይ የምትጠይቁ አላችሁ፣ እኔም ጠይቄያለሁ። ኮርማውና ፈረሱ የሚዘሉት በወገባቸው፣ ከኋላ እግራቸው ፊት ለፊት በሚታሰር ጠፍር ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ብልታቸው ላይ የሚታሰር ይመስለዋል፣ አይደለም። ጠፍሩ ስለማይመቻቸው ሊያራግፉት ወደ ኋላ ይራገጣሉ። ለመዝለል ደግሞ ዘራቸው ተመርጦ ነው የሚረቡት። ይሁን እንጂ ፍርሃት የለም፣ ጉዳት የለም የሚለኝን ሰው አላምነውም። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች፣ እንስሳትን ከጭካኔ የሚከላከለውን ማኅበር አርኤስፒሲኤን ጨምሮ፣ ሮዲዮን ይቃወማሉ። ዋና ከተማዋ ካንቤራ ያለችበት ግዛት ሮዲዮን በሕግ ከልክላለች። እኔን በግሌ ያላስደሰተኝ ጥጃ በገመድ የሚያዝበት ውድድር ነው። ጥጃዋ በሙሉ ኃይሏ ስትሮጥ ገመዱ አንገቷ ላይ ሲይዛት ፊቴን አዞርኩ። ቪክቶሪያ ውስጥ እንስሳው ቢያንስ 200 ኪሎ ካልመዘነ አይፈቀድም፣ በዚህ ምክንያት ጥጃ መጣል እዚያ ቀርቷል። ሌሎቹም ግዛቶች እንደዚያ ቢያደርጉ ሮዲዮው ምንም አይጎድልበትም ነው የምለው። ያ ውድድር ሲጀመር ከመቀመጫቸው ተነስተው ሻይ ሊጠጡ የሚሄዱ የአገሩ ሰዎችም አይቻለሁ።

አጠገቤ ወደነበሩት ሽማግሌ ልመለስ።

ከብት አርቢ ናቸው። ከጁሊያ ክሪክ ወዲያ፣ ከማውንት አይዛ በስተምሥራቅ። ሰፊ ባርኔጣ፣ በብረት የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ቡትስ። እዚያ አገር ለሮዲዮ የሚለበሰው እንደ ክት ልብስ ነው። እጃቸው ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ አውራ ጣታቸው የለም፣ ገመድ ነው የወሰደው። ስለ ኮርማው ሲነግሩኝ ቆይተው የእሳቸውን ከብት ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ።

የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ ምን እንደሆነ በዜና ሰምቼ ነበር፣ ግን ከባለቤቱ አፍ ሲሰማ ይለያል። ያ አካባቢ ለዓመታት ድርቅ ሲያቃጥለው ቆይቷል። ከብቱ ከስቷል፣ አርቢው ተበድሯል። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ጭቃው ውስጥ ቆሞ ሳቀ፣ ልጆች በኩሬ ውስጥ ተንከባለሉ። ዝናቡ ግን አላቆመም። ቀናት ዘነበ፣ ሜዳው ባሕር ሆነ፣ ላዩ ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሳ። በድርቅ የመነመነው ከብት ስብ የለው፣ መጠለያ የለው፣ እንደቆመ በብርድ ሞተ። ወደ 500,000 የሚጠጋ ከብት በጥቂት ቀናት አለቀ። ሽማግሌው ሄሊኮፕተር ይዘው ሲበሩ ከብቶቻቸው አጥር ጥግ ላይ እንደተደገፉ፣ እንደተደራረቡ አገኟቸው። ከስሙም ከቁጥሩም በላይ የነገሩኝ ዝምታውን ነው። ሌሊት በረንዳ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማ የከብት ድምፅ እንደሌለ።

እንዲህ ሆነው ታዲያ እዚህ ለምን መጡ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ። እሳቸው ግን ወዴት ልሂድ አሉኝ፤ ሰው ያለው እዚህ ነው።

ይሄ ነገር ሮዲዮውን በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩበትን ርቀት አስቡት። ስቴሽን የሚሉት የከብት እርባታ አለ፤ ትልቁ አና ክሪክ ይባላል፣ በደቡብ አውስትራሊያ ነው፣ ከ15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ እርሻ ነው! ጎረቤት ማለት በመኪና አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ነው። ሐኪም የሚመጣው በአውሮፕላን ነው፤ የሚበርረው ሐኪም አገልግሎት በዓለም የመጀመሪያው እዚያው ማውንት አይዛ አካባቢ፣ ክሎንከሪ ላይ ነው በ1928 የተጀመረው። ልጆች በሬዲዮ፣ ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ይማራሉ። እንግዲህ በዓመት አንዴ ሮዲዮው ሲደርስ ወራት ሙሉ ሰው ያላዩ ወጣቶች በአንድ መኪና ታጭቀው ይመጣሉ፣ ፍራሻቸውን ጠቅልለው፣ ሜዳ ላይ ያድራሉ። የሚጋቡት እዚያ ተዋውቀው ነው። ሰው ሞቶባቸው ያልተላቀሱ እዚያ ይላቀሳሉ። ሽማግሌው ከጎኔ እንደተቀመጡ ስንት ሰው እየመጣ እጃቸውን ጨበጠ! ብዙ አያወሩም፤ ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጉና አጠገባቸው ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ። ለቅሶ ቤት መድረስ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ወደ ማታ ላይ ሽማግሌው አንድ ነገር አሉኝ። ሜይት (ወዳጄ ማለታቸው ነው)፣ ይሄ ትርኢት ነው፣ ሥራችንን ማየት ከፈለግክ ካምፕድራፍት ና። በፈረስ ሆኖ ከብት የመለየትና የመንዳት ውድድር ነው። ስልክ ተለዋወጥን።

ከመሄዴ በፊት ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም ሮዲዮ እዚያ አገር የአሜሪካ ቅጂ ይመስለኝ ነበር። ስሙና የስምንት ሰከንዱ ሕግ ከዚያ የመጣ ነው፣ እውነት ነው። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ፈረስ ወደ አውስትራሊያ የገባው ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ጋር በ1788 ነው። ከብቱ ወደ ውስጥ ሲስፋፋ ያለ ፈረስ መጠበቅ አይቻልም፤ ፈረሱ ደግሞ ግማሽ ዱር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ሳይራገጥ ኮርቻ አይቀበልም። ስለዚህ የሚራገጥ ፈረስ ላይ መቆየት የእረኛ ሁሉ የዕለት ሥራ ነበር። ማን ይበልጣል የሚለው ውድድር ከዚያ መጣ። ባክጃምፒንግ ይሉት ነበር። ከዚያ ድንኳን ይዘው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ትርኢተኞች ተነሱ፤ በ1870 የተወለደው ላንስ ስኩቶርፕ ስሙ ከሁሉም ይበልጥ የገነነው ነው። ያመጣውን ፈረስ ለሚጋልብ ገንዘብ እሰጣለሁ እያለ የየመንደሩን ጎበዝ ይጠራል፣ የመንደሩም ጎበዝ ይወድቃል። ጋላቢዎቹ በ1944 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፣ የዛሬው የባለሙያ ሮዲዮ ማኅበር የእሱ ወራሽ ነው። በኋላማ ወደ አሜሪካ ሄደው የሚያሸንፉ ተነሱ፤ ዴቭ አፕልተን በ1988፣ ትሮይ ደን በ1998፣ ግሌን ኦኒል በ2002 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ታሪክ ውስጥ ይዘለላል። እኔ አልዘለውም። ያንን ሁሉ ከብት ሲጠብቁ የኖሩት በአብዛኛው አቦርጂናሎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ናቸው። ማውንት አይዛ ያለችበት ምድር የካልካዱን ሕዝብ ነው። መሬታቸውን ሲነጠቁ ተዋግተዋል፣ በ1884 ባትል ማውንቴን በሚባለው ኮረብታ ላይ በጥይት ተፈጁ። የተረፉት ልጆች በገዛ መሬታቸው ላይ የሌላ ሰው ከብት እረኛ ሆኑ። ምርጥ ጋላቢዎች ነበሩ፣ አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ውኃው የት እንዳለ፣ ከብቱ በየት እንደሚያልፍ። ደመወዛቸው ግን ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና ትምባሆ ነበር። ኩዊንስላንድ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡን መንግሥት ራሱ ይዞባቸዋል፤ በ2019፣ እኔ ሮዲዮውን ባየሁበት ዓመት፣ ግዛቲቱ ለዚህ 190 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ብዙዎቹ ግን ያኔ ሞተው አልቀዋል። በሰሜን ግዛት በ1966 ቪንሰንት ሊንጊያሪ የጉሪንጂ እረኞችን ይዞ ከዌቭ ሂል ስቴሽን ሥራ አቁሞ ወጣ። ሰው በደመወዝ ጥያቄ ነው ያለው፣ እነሱ ግን መሬታችን ይመለስ ነበር የሚሉት። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎፍ ዊትላም መሬቱ ለመመለሱ ምልክት በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈር አፈሰሰ።

ማውንት አይዛ ላይ ዛሬ የአቦርጂናሎች የራሳቸው የሮዲዮ ሻምፒዮና አለ። ዓርማቸውን በሸሚዛቸው ላይ የለጠፉ ልጆች ከሹቱ ሲወጡ እናቶቻቸው ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ። ባርኔጣው ለእነሱ የካውቦይ ልብስ አይደለም። የአያታቸው ነው።

ኮቪድ መጣ። በ2020 ሮዲዮው ተሰረዘ። ከሽማግሌው ጋር አልፎ አልፎ መልእክት እንለዋወጥ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዝናብ። በ2022 ክረምት፣ ማለትም የእነሱ ክረምት፣ በጁላይ፣ ካምፕድራፍት ና ብለው ደወሉልኝ።

እዚያ ምንም ትርኢት የለም። መብራት የለም፣ ርችት የለም፣ የተመልካች መቀመጫ የሚባል ነገርም የለም፤ ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን ከመኪናው አውርዶ አጥሩ ጥግ ይቀመጣል። ሜዳ፣ ሁለት በረት፣ ሳንድዊችና ሻይ የሚሸጡ እናቶች። የልጅ ልጃቸው ትወዳደራለች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ካምፕድራፍት ከሌላ አገር አልተቀዳም። የራሳቸው ነው። የመጀመሪያው መደበኛ ውድድር በ1885 ቴንተርፊልድ ላይ እንደተደረገ ይናገራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካምፕ የሚሉት ትንሽ በረት አለ፣ ውስጡ ጥቂት ከብት ይገባል። ጋላቢዋ በፈረሷ ገብታ አንዱን ትመርጣለች። መንጋውን ሳታስደነግጥ፣ ቀስ ብላ፣ ያንን አንዱን ትለይና ወደ በሩ ታመጣዋለች። ከብት ደግሞ ከጓደኞቹ መለየት አይወድም። በግራ ይሞክራል፣ ፈረሱ ቀድሞ እዚያ ነው። በቀኝ ይሞክራል፣ ፈረሱ እዚያም አለ። እየመለሰችው መቆጣጠሯን ካሳየች በኋላ በሩ እንዲከፈት ትጮኻለች። በሩ ሲከፈት ሰንጋው በሙሉ ኃይሉ ይወጣል፣ ፈረሱ ከጎኑ። አሁን ሜዳው ላይ በተተከሉ ሁለት ምልክቶች ዙሪያ ስምንት ቁጥር እየሠራች ትመራዋለች፣ ከዚያ በሁለት እንጨቶች መሃል ታሳልፈዋለች። ለዚህ ሁሉ ያላት አርባ ሰከንድ ነው።

ነጥቡ ነው ደስ ያለኝ። ካምፑ ውስጥ ለመለየት 26 ነጥብ፣ መንገዱን ለመጨረስ 4፣ ለፈረሱ ሥራ 70። አያችሁ፣ ጋላቢዋ ምን ያህል ጎበዝ ናት የሚል ለብቻው የለም። ፈረሱ ነው የሚመዘነው። ዳኛው ራሱ ፈረስ ላይ ሆኖ ጅራፍ ይዞ ይከተላል። ከብቱን ካጣችው ወይም አላግባብ ከነዳችው ጅራፉን አንዴ ያጮኻል፣ በቃ፣ አለቀ። ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው የሚወዳደሩት፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጋር።

ልጅቷ ስትገባ አያትየው ከወንበራቸው ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። ፈረሷ ዳማ ባዝራ ናት፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ነጭ አለ። ካምፑ ውስጥ ልጅቷ ልጓሙን ላላ አደረገችው። እጇ አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ፊት አድርጋ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ አንዱን ቀይ ሰንጋ ብቻ እያየች ነበር የምትራመደው፣ ድመት አይጥ ስትጠብቅ አይታችኋል? እንደዚያ። ሰንጋው ወደ ግራ ዞረ፣ ባዝራዋ በፊት እግሯ አቧራውን ቆፍራ ከፊቱ ደረሰች። ወደ ቀኝ። ደረሰች። እንደገና ወደ ግራ፣ አሁን አፍንጫዋ የሰንጋውን ትከሻ ሊነካ ምንም አልቀረውም። በሩ! ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያየሁት አቧራና ድምፅ ነው፤ የኮቴው ድምፅ መሬቱን አልፎ በእግሬ ውስጥ ነው የተሰማኝ። የመጀመሪያውን ምልክት ዞሩ። ሁለተኛው ላይ ልጅቷ በባዝራዋ ትከሻ ሰንጋውን ገፋ አድርጋ አጠፈችው፣ ገፋ ስል እንደ ወንድም ትከሻ ለትከሻ ነው፣ ሰንጋውም እሺ አለ። አያትየው አፋቸውን ሸፍነው ነበር።

ሁለቱ እንጨቶች ጋ ሲደርስ ሰንጋው በውጭ በኩል አለፈ። በአንድ ክንድ ያህል። ቢሆንም ጅራፉ አልጮኸም፣ እስከዚያ የሠራችው ተቆጠረላት።

ይሄንን አርባ ሰከንድ ከዚያ ስምንት ሰከንድ ጋር ሳነጻጽር ነው እስካሁን የማድረው። ስምንቷ ሰከንድ ውስጥ ሰውና እንስሳ ይጣላሉ፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ እኔም ጮኼያለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። ያንን አገር ያቆመው ግን ይሄኛው ነው፦ ከብቱን ሳያስበረግጉ መለየት፣ ፈረስን አምኖ ልጓም ማላላት፣ ሺህ ኪሎ ሜትር እየነዱ ሳይሰብሩ ማድረስ። ዛሬ ከብት በሄሊኮፕተርና በሞተር ብስክሌት ይሰበሰባል። ፈረሱ ብዙ ቦታ ከሥራ ወጥቷል። ይሄ እውቀት የሚኖረው ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ፣ ሳንድዊች በሚሸጡ እናቶች መካከል ነው። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ኮርማውን እዩ፣ ግን እባካችሁ አንድ ቀን ጨምራችሁ ካምፕድራፍት ፈልጉ። መግቢያው ላይ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ዝም ብላችሁ ግቡ፣ ሻይ ይሰጧችኋል።

አራተኛ ወጣች። ለሦስት ብቻ ነበር ሽልማት ያለው። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ሄድኩ፣ ከመኪናቸው ኋላ። ባዝራዋ ኮርቻዋ ወርዶላት፣ ጀርባዋ ላይ የላብ ቅርፅ እንዳለ፣ ከባልዲ ትጠጣ ነበር። ልጅቷ ፊቷ ላይ ያለውን ቀይ አቧራ ገና አልጠረገችም፤ በሌላ ባልዲ ውኃ እየነከረች የባዝራዋን እግር በጨርቅ ታጥባለች፣ አንዱን ጨርሳ ወደ ሌላው። አያትየው ጣት በሌለው እጃቸው የባዝራዋን አንገት ያሻሉ። ከሩቅ፣ ከበረቱ በኩል ከብት ይጮኻል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዳመጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የእኔ ናቸው አሉ። ለውድድሩ ከብት ያዋሱት እሳቸው ነበሩ።